ከምጽዋ እስከ አሥመራ፤ ስለ ፕላን፥ ስለ አደጋ ግምትና ስለ ሠራተኛ ማሠልጠን

አንድ ትልቅ ሥራ በሚመረቅበት ቀን ሁሉም ነገር ያማረ ነው። ባንዲራው ይሰቀላል፤ ሪባኑ ይቈረጣል፤ ንግግሩ ይነገራል፤ መኪናውም በእንግዶች ፊት አንድ ጊዜ ተነሥቶ ድምፁን ያሰማል። ነገር ግን ከተጋበዙት ሹማምንትና ነጋዴዎች መካከል «ነገ ጧት ይህን መኪና የሚያስነሣው ማን ነው? በበጋው ሙቀት ቢግል ወይም በክረምቱ ጐርፍ ቢመታ የሚያድነውስ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ጥያቄው በበዓል ቀን ለማንሣት የማያስደስት ስለ ሆነ በዝምታ ይታለፋል። መልሱ ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ሳይጠራ ይመጣል።

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሥራ ሲበላሽ የሚሰጠው ምክንያት የታወቀ ነው። ወይ ገንዘቡ አነሰ ይባላል፤ ወይ ሥራ ተቋራጩ አታለለ ይባላል፤ ወይም ነገሩ ሁሉ በእግዚአብሔር ፈቃድ ይሳበባል። የገንዘብ ማነስና የተቋራጭ ማታለል በእውነት የሚደርስ ነገር መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ የወደቁትንና የቆሙትን ሥራዎች ጐን ለጐን አድርጎ የሚመረምር ሰው፥ ልዩነቱ ያለው በብረቱና በሲሚንቶው ብቻ ሳይሆን፥ ከምረቃው ቀን በኋላ ሥራውን ይዞት የሚኖረው ሰው አስቀድሞ በመታሰቡ ወይም ባለመታሰቡ ላይ መሆኑን ያገኛል። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከምጽዋ ወደብ እስከ አሥመራ ባለው አቀበት ላይ የተሠራው፥ የፈረሰውና እንደገና የቆመው ሥራ ይበቃል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።

የምጽዋ ባቡር የተወለደው ከንግድ ሳይሆን ከድንጋጤ ነው። በጥር ወር 1887 ራስ አሉላ አምስት መቶ ያህል የኢጣልያ ወታደሮችን ዶግዓሊ ላይ ከደመሰሱ በኋላ፥ የሮማ መንግሥት ጦሩንና ስንቁን ከባሕሩ ዳር ወደ ሰዓቲ ፈጥኖ የሚያደርስ መንገድ ፈለገ። ስለዚህም ሐዲዱ በዚያው ዓመት መዘርጋት ተጀምሮ በ1888 ሰዓቲ ደረሰ፤ ርቀቱ 27 ኪሎሜትር ያህል ነው። ለጊዜው ለተፈለገበት ጉዳይ ሥራው ፈጣንና መልካም ነበረ። ነገር ግን ሰዓቲ ላይ የሚሸጥም የሚገዛም ብዙ ነገር የለም። እህሉ፥ ቆዳውና ከብቱ ያለው ደጋ ላይ ነው፤ ሐዲዱ ደግሞ ቆላው ላይ ቆመ። ከሰዓቲ ተነሥቶ አሥመራ እስኪገባ ድረስ ሃያ ሦስት ዓመት ፈጀበት።

ይህን ሁሉ መዘግየት ስንፍና ነው ብሎ መፍረድ ግን ትክክል አይሆንም። በ1896 ዓድዋ ላይ የደረሰው ሽንፈት የሮማን ገንዘብም ድፍረትም ቀንሶት ነበረ። በ1897 የተሾመው ሲቪል ገዥ ፈርዲናንዶ ማርቲኒ ዋናውን ከተማ ከምጽዋ ወደ አሥመራ ሲያዛውር የባቡሩ ዓላማ አብሮ ተለወጠ፤ ለጦር ስንቅ ማድረስ መሆኑ ቀርቶ ወደቡን ከደጋው ጋር ማገናኘት ሆነ። ዓላማው ሲለወጥ ፕላኑም ተለወጠ። ሐዲዱ በ1904 ጊንዳዕ፥ በ1910 ነፋሲት፥ በ1911 አሥመራ ገባ። ከዚያም በ1922 ከረን፥ በ1928 አቆርደት፥ በ1932 ቢሻ ደርሶ ወደ ሱዳን ወሰን ሳይዘልቅ በዚያው ቀረ።

እዚህ ላይ የመሐንዲሶቹን ምርጫ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ከባሕር ጠለል ተነሥቶ በ118 ኪሎሜትር ርቀት ውስጥ ወደ 2400 ሜትር ያህል የሚወጣ ባቡር መሥራት ቀላል ነገር አይደለም። ሐዲዱን ሰፊ እናድርገው ቢሉ ተራራውን ሁሉ የሚፈልጡበት ገንዘብ አይገኝም፤ እጅግ ጠባብ እናድርገው ቢሉ ደግሞ ጭነቱ ያንሳል። በመጨረሻ የተወሰነው ስፋት 95 ሴንቲሜትር ነው። ባቡሩ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ገደሉን ይወጣል፤ በአንድ ሺህ ሜትር ርቀት 35 ሜትር ያህል ከፍ የሚልበት ቦታም አለ። በዚህ ዓይነት ሐዲዱ ተራራውን አሸነፈው። ነገር ግን መምረጥ ማለት ዋጋ መክፈል ማለት ስለ ሆነ፥ አንድ ባቡር የሚጎትተው ፉርጎ ጥቂት፥ ጉዞውም ዝግ ያለ ሆነ። ይህ ዋጋ በሰላሙ ዘመን ለማንም ጎልቶ አልታየም። ሒሳቡ የመጣው ቈይቶ ነው፤ እንደርስበታለን።

የአደጋ ግምትን በተመለከተ ግን እነዚያን መሐንዲሶች ማመስገን ይገባል። የቆላ ወንዝ ምን ዓይነት እንደ ሆነ በአገሩ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙውን ወር አሸዋ ሆኖ ግመል ይተኛበታል፤ ደጋው ላይ በዘነበ ቀን ግን፥ በቆላው ሰማይ ላይ አንድ ደመና እንኳ ሳይታይ፥ ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። በአሸዋው ወር መጥቶ ለክቶ የሚሄድ ሰው ድልድዩን አሳጥሮ ይሠራል። እነርሱ ግን በብዙ ቅስት የቆመ ረዥም የድንጋይ ድልድይ ሠሩ። በዚያን ጊዜ አንድ ሒሳብ መርማሪ «ለደረቅ አሸዋ ይህ ሁሉ ድንጋይ ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ጥያቄው ሞኝነት አይባልም ነበረ። ነገር ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ጦርነት አልፎ፥ ሐዲዱ ተነቅሎ፥ ጣቢያዎቹ ፈራርሰው በታየ ጊዜ፥ ድልድዮቹና ዋሻዎቹ በአብዛኛው በቦታቸው ቆመው ተገኙ። አደጋው እስኪመጣ ድረስ ለአደጋ የሚወጣ ገንዘብ ሁልጊዜ ብክነት ይመስላል። በእርግጥ ሁሉም ነገር አይገመትም፤ በነሐሴ ወር 1921 ምጽዋን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ የወደቡን ከተማ ብዙ ሕንፃ አፈራርሶታል፤ ይህን በማንም ፕላን አውጪ ላይ ማላከክ አይቻልም።

ወደ ቈየው ሒሳብ እንመለስ። በ1935 ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ፥ ለጥቂት መርከብ የተሠራው የምጽዋ ወደብ በአንድ ጊዜ ተጨናነቀ። መርከቦቹ ተራ እየጠበቁ በፀሐዩ ውስጥ ቆሙ፤ የወረደውም ዕቃ በወደቡ ላይ ተከመረ። ባቡሩ ሌሊትና ቀን ቢሠራም ያን ሁሉ ዕቃ ወደ ደጋ ለማውጣት አልቻለም። ነጋዴ የሆነ ሁሉ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ የመጋዘኑ በር ጠባብ ከሆነ በውጭ የቆመው ግመል ብዛት ትርፍ አይሆንም። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር ታሰበ። አንደኛው የካሚዮኑን መንገድ ማሻሻል፥ ሁለተኛው በአየር ላይ ዕቃ የሚያመላልስ የብረት ገመድ መዘርጋት ነበረ። ሕዝቡ ቴሌፈሪካ ብሎ የሚጠራው ይኸው ገመድ ነው።

ቼሬቲና ታንፋኒ የተባለው የሚላኖ ኩባንያ የሠራው ይህ ገመድ በ1937 ተፈጸመ። ርዝመቱ 72 ኪሎሜትር ያህል ነበረ፤ በዚያን ዘመን በዓለም ላይ ከእርሱ የሚረዝም አልነበረም። በሰዓት 30 ቶን ያህል ዕቃ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ለማመላለስ የታሰበ ነበረ። ከምሕንድስና ወገን ሲታይ እጅግ የሚደነቅ ሥራ ነው፤ በገደሉ ላይ ተንሳፍፎ የሚሄደውን ሣጥን ላየ ሰው ከተረት የወጣ ይመስል ነበረ። ዕድሜው ግን አጭር ሆነ። በ1941 እንግሊዞች አገሩን ከያዙ በኋላ ሞተሮቹ ተነቀሉ፤ ገመዱም ተፈታ። የሠሩት ሰዎች ነፋስ ቢነፍስ፥ ገመድ ቢበጠስ፥ ሞተር ቢቆም የሚሆነውን ሁሉ በጥንቃቄ ሳያስቡ እንዲህ ያለውን ሥራ ባልፈጸሙ ነበረ። «ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ይህን ገመድ የሚከራየው ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ግን የመለሰ ሰው ያለ አይመስልም። አንድ ደንበኛ ብቻ ያለው ሱቅ፥ ደንበኛው አገር ለቆ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሠራተኛው ጉዳይ እንለፍ፤ ብዙ የሚያናግረው ይህ ነው። በኢጣልያ ዘመን ለአገሬው ልጅ የተፈቀደለት ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነበረ። ከዚያ ወዲያ ያለው በር ዝግ ነው። ሕዝቡ ፈሮቪያ በሚለው በምድር ባቡሩ መሥሪያ ቤትም የነበረው ሥርዓት ይህንኑ የተከተለ ነው፤ መሐንዲሱና አለቃው ኢጣልያዊ፥ ድንጋይ ፈላጩ፥ ሐዲድ ተሸካሚውና ከሰል ጨማሪው የአገሬው ሰው። የሥርዓቱ ሐሳብ ጕልበት መውሰድ ነበረ እንጂ ሙያ ማውረስ አልነበረም። ሰው ግን ዓይን አለው። እሳት ጨማሪው ከነጂው አጠገብ የሚቆም ስለ ሆነ፥ በየትኛው አቀበት ላይ እንፋሎት እንደሚጨመር፥ በየትኛው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ አስቀድሞ እንደሚያዝ፥ ጐማው ሐዲዱ ላይ ሲንሸራተት አሸዋ መቼ እንደሚፈስበት እያየ ተማረ። በወርክሾፑም ውስጥ ቁልፍ አቀባይ የነበረው ልጅ ከዓመታት በኋላ ፈትቶ መግጠም ቻለ። ዲፕሎማ የሚሰጥበት፥ ፈተና የሚደረግበት ትምህርት አልነበረም፤ ብዙ ዓመትም ይፈጅ ነበረ። ከ1941 በኋላ ኢጣልያኖቹ እያነሱ ሲሄዱ ባቡሩ መጓዙን ያልተወው ግን ይህ ሳይታሰብ የተገኘ ሙያ ስለ ነበረ ነው።

ሙያ ያለው ሰው ጥቂት፥ ጊዜውም አጭር ሲሆን ምን ማድረግ እንደሚቻል ምጽዋ ራስዋ በ1942 አሳይታናለች። በሚያዝያ 1941 እንግሊዞች ሲቃረቡ ኢጣልያኖቹ በወደቡ ውስጥና በመግቢያው ላይ ብዙ መርከቦችን አሰጠሙ፤ መርከብ የሚጠገንባቸውን ተንሳፋፊ መትከያዎች በቦምብ አጠለቁ፤ የወርክሾፑንም መኪናዎች በመዶሻ ሰባበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ወደቡን እንዲከፍት የተላከው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኰንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ ነበረ። አብረውት የነበሩት የሠለጠኑ ሰዎች ከሥራው ብዛት ጋር ሲነጻጸሩ ከቍጥር የማይገቡ ነበሩ። ስለዚህ ያገኘውን ሰው ሁሉ ሰበሰበ፤ የኢጣልያ ምርኮኞች፥ የኤርትራ ሠራተኞች፥ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሰዎች በአንድ ቦታ ሠሩ። ሊታሰብበት የሚገባው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የተሰበረው ወርክሾፕ እንዲነሣ ተደረገ፤ መሣሪያ የሚጠግን መሣሪያ ሳይኖር መርከብ ማውጣት አይቻልምና። ከዚህም ጋር በግንቦት ወር 1942፥ ለመነሣት የማይቻል ነው የተባለለትን ትልቁን ተንሳፋፊ መትከያ አየር እየነፉበት ከባሕሩ ሥር አነሡት። በዚያው ዓመትም የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ምጽዋ ላይ ተጠገኑ። ሐቁን ለመናገር፥ እንዲህ ያለውን ነገር ሥርዓት አድርጎ መያዝ አይገባም። በጥቂት ብርቱ ሰዎች ትከሻ ላይ የቆመ ሥራ፥ ሰዎቹ በሙቀቱ ሲደክሙ አብሮ ይደክማል። የኤልስበርግ ብልኀት ግን ወርክሾፑን ማስቀደሙ ነው፤ ሹም የሆነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመር የሚወደው እንግዳ ሊያየው ከሚችለው ሥራ ነውና።

አደጋ ሲባል ጐርፍና ቦምብ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ የጎረቤቱን ባቡር ታሪክ ይመልከት። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ለሚዘረጋው ሐዲድ ዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ተጀምሮ በ1902 ከሐረር ተራራ ግርጌ ደረሰ። ሐረር ለመግባት አቀበቱ ከባድና ወጪው ብዙ ስለ ሆነ ከተማይቱ ቀርታ ከሥሯ ድሬዳዋ ተቈረቈረች። እስከዚህ ድረስ ያለው የመሐንዲስ ጉዳይ ነው፤ በጥሩ ሁኔታም ተወጥተውታል። ከዚያ በኋላ ግን ሐዲዱ ለብዙ ዓመት ቆመ። ያቆመው ድንጋይ ወይም ወንዝ አልነበረም፤ የኩባንያው ገንዘብ ማለቁና ፈረንሳይ፥ እንግሊዝና ኢጣልያ «መስመሩ በማን እጅ ይሁን?» ብለው መከራከራቸው ነበረ። ኩባንያው ከሰረ፤ በ1908 በእርሱ ፈንታ ሌላ ተቋቋመ፤ ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ድሬዳዋ ላይ ዕቃውን አራግፎ ለቅሎና ለግመል ያስጫነው ነጋዴ የነዚያን ዓመታት ኪሣራ ከማንም ይልቅ ያውቀው ነበረ።

በዚያው አቅጣጫ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራውን ጀመረ፤ ርዝመቱ ከ750 ኪሎሜትር ይበልጣል። ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ጊዜ ባቡሩም መቆሙ ከፊተኛው ሐዲድ ዘመን ያልነበረ አዲስ ዓይነት አደጋ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ ላይ አንድ የሚመሰገን ነገር አለ። የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ለስድስት ዓመት እያስኬዱ የአገሩን ሰው እንዲያሠለጥኑ በውል ተወስኖ ነበረ፤ በ2024ም ሥራው ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሠራተኞች ተላለፈ። ስድስት ዓመት ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው ክርክር ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን በውሉ ላይ የተቈረጠ ቍጥር መኖሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ቍጥር የሌለው ውል ምን እንደሚያመጣ ይህን ጽሑፍ የሚያቀርበው ሰው በገዛ እጁ ሠርቶ አይቶታልና፥ እዚህ ላይ ኃጢአቴን ብናዘዝ አንባቢዎቼ ይታገሡኝ።

እንጀራዬን የምበላው በአስተርጓሚነት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በባሕሩ ዳር ለሚቆም አንድ የበረዶ ፋብሪካና የዓሣ ማቆያ የተደረገውን ውል ከኢጣልያንኛ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተሰጠኝ። ውሉ ወደ ሰባ ገጽ ነበረ። ስለ ዋጋው፥ ስለ አከፋፈሉ፥ ስለ ኢንሹራንሱ፥ ስለ መርከቡ ኪራይ፥ ክርክር ቢነሣ በየትኛው አገር ፍርድ ቤት እንደሚታይ ሳይቀር ተጽፎበታል። ስለ ሠራተኛ ማሠልጠን የሚናገረው ግን አንድ መስመር ነው፤ «ሻጩ አስፈላጊውን መግለጫ ይሰጣል» ይላል። አነበብሁት፤ ጥቂት አሰብሁ፤ ተረጐምሁት፤ አለፍሁ።

መኪናው ከተተከለ በኋላ ከሻጩ ዘንድ አንድ መካኒክ መጣ፤ የሚቈየው አራት ቀን ብቻ ነው። ስድስት ሠራተኞች ተመርጠው በፊቱ ቆሙ። እርሱ ይናገራል፥ እኔ እመልሳለሁ፥ እነርሱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በአራቱም ቀን ከስድስቱ አንዱ እንኳ ቁልፍ አልጨበጠም። የዘይቱ ነገር በተነሣ ጊዜ ሰውዬው «ፔርዮዲካሜንቴ» ይለወጣል አለ። እኔም «በየጊዜው ይለወጣል» ብዬ መለስሁ። ቃሉ ስሕተት የለበትም፤ መዝገበ ቃላት ይመሰክርልኛል። ነገር ግን መካኒኩ ይህን ሲል በልቡ ያሰበው የተቈረጠ የሰዓት ቍጥር ነበረ፤ መኪናው ይዞት በመጣው መጽሐፍ ላይም ተጽፏል። «በየጊዜው» የሚለው ቃል ግን ለሰሚው «አንዳንድ ጊዜ፥ ሲታወስ፥ ሲመች» ማለትም ይሆናል። መጽሐፉ በኢጣልያንኛ ስለ ነበረ በጽሕፈት ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ተቈልፎበት ቀረ። ሠራተኞቹም እንደ ቃሌ ሲታወሳቸው ለወጡት።

በሁለተኛው በጋ፥ ሙቀቱ በጸናበት ወር፥ መኪናው ግሎ ተጣበቀና ቆመ። መለዋወጫው እስኪመጣ ድረስ ሳምንታት አለፉ። በማቆያው ውስጥ የነበረው ዓሣ ተጣለ፤ በብድር መረብ የገዙት ዓሣ አጥማጆች የሚያስረክቡበት አጡ። ጥፋተኛ ሲፈለግ የተገኘው ሠራተኛው ነው፤ ከስድስቱ አንዱ በቸልተኝነት ተከሶ ከሥራው ወጣ። ይህን ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ገበያ ላይ አገኘሁት። ሰላምታ ሰጥቶኝ «ጌታዬ፥ እርስዎ በየጊዜው ብለውን አልነበረም?» አለኝ። በቍጣ አልተናገረም፤ በእውነት ለማወቅ የፈለገ ይመስል ነበረ። መልስ አልነበረኝም። እርሱ ሲባረር ምስክርነቴን የጠየቀ ማንም አልነበረም፤ ሳልጠየቅም መስጠት ይገባኝ ነበረ።

ከዚያ ወዲህ ያን ውል በልቤ ብዙ ጊዜ መልሼ አንብቤዋለሁ። ፕላኑ የተቈጠረው መኪናው እስኪተከል ድረስ ብቻ ነበረ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን በማንም መዝገብ ላይ አልነበረም። «በሐምሌ ቢቆም ዓሣው የት ይሄዳል? መለዋወጫውስ በስንት ቀን ይደርሳል?» ተብሎ አልተጠየቀም፤ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ቶሎ የሚያልቁት ዕቃዎች ከመኪናው ጋር አብረው በታዘዙ ነበረ። ሥልጠናውም በጆሮ ብቻ የተሰጠ ነበረ። መኪና በጆሮ አይማሩትም። ሠራተኛው በእጁ ፈትቶ፥ አጥቦ፥ መልሶ እስኪገጥም ድረስ ተማረ አይባልም። ስለዚህ አሁን እንዲህ ያለ ውል በእጄ ሲገባ፥ ከአስተርጓሚነት ሥልጣኔ ጥቂት አልፌም ቢሆን፥ ለአለቃው አንድ ነገር አሳስባለሁ፤ አስተማሪው ከክፍሉ ወጥቶ ሠራተኞቹ ብቻቸውን መኪናውን አቁመው፥ ፈትተው፥ ገጥመው እስኪያስነሡ ድረስ የመጨረሻው ክፍያ እንዳይፈጸም። አንዳንዱ ይሰማኛል፤ አንዳንዱ «አንተ ተርጕም» ይለኛል።

ነጋዴዎች በዚህ ላይ የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፤ ሊናቅም አይገባውም። «በገንዘቤ ያሠለጠንሁት ሰው በማግሥቱ ደመወዝ ወደሚበልጥበት ይሄዳል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ይሄዳል። መካኒክ ደግ ሆኖ አንድ ቦታ የሚቀረው ቤተሰቡ ሲጠግብ ነው። ስለዚህ ለአንድ መኪና አንድ ሰው ብቻ የሚያሠለጥን ነጋዴ ገንዘቡን በአንድ በሬ ላይ እንዳዋለ ገበሬ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰው አብሮ ቢያስተምር፥ ለሚችለውም ከማይችለው የሚለይ ጥቂት ጭማሪ ቢሰጥ፥ አንዱ ቢሄድ ሥራው አይቆምም። ይህን ወጪ መኪናው በቆመበት አንድ ወር ከሚደርሰው ኪሣራ ጋር ማስተያየት ለነጋዴ ከባድ ሒሳብ አይደለም።

አሁን ወደ ምጽዋው ባቡር ተመልሰን እንፈጽም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ጦርነቱ ሲበረታ ባቡሩ ቆመ። ሐዲዱና ከሥሩ የሚነጠፈው ብረት ተነቅሎ ምሽግ ተሠራበት። ኤርትራ በ1993 ነጻ መንግሥት ከሆነች በኋላ በ1994 መስመሩን እንደገና ለማቆም በታሰበ ጊዜ ከውጭ የቀረበው ግምት በብዙ መቶ ሚሊዮን ዶላር የሚቈጠር ነበረ። ያ ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ የተፈለገው ሰው ሆነ። ጡረታ የወጡ የፈሮቪያ ሠራተኞች፥ ከነርሱም መካከል ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው፥ ከየቤታቸው ተጠርተው መጡ። ሐዲዱ ከምሽጉ እየተለቀመ ተሰበሰበ፤ ወጣቶቹ ተሸከሙ፥ ሽማግሌዎቹ አሳዩ። በ1930ዎቹ አንሳልዶ የተባለው የኢጣልያ ፋብሪካ የሠራቸው የእንፋሎት ባቡሮች በአሥመራ ወርክሾፕ እንደገና ተነሡ፤ ሊቶሪናዎቹም ተጠገኑ። ገዝቶ ለማግኘት የማይቻለውን ዕቃ እዚያው ቀጥቅጠው ሠሩት። የጥንቱ ድልድይም ጠበቃቸው። በ2003 ሐዲዱ ከምጽዋ አሥመራ ገባ።

ይህን ሥራ ብዙ ሰው በአድናቆት ጽፎለታል፤ ይገባዋልም። እኔ ግን ሳስበው ከአድናቆቱ ጋር ፍርሃት ይመጣብኛል። የመቶ አሥራ ስምንት ኪሎሜትር ባቡር ነገር በጥቂት ሽማግሌዎች ጆሮና ትዝታ ላይ ተንጠልጥሎ ነበረ ማለት ነው። ጥሪው አሥር ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ከነርሱ ስንቱ በሕይወት ይገኝ ነበረ? በ1994 ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ቢኖር ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው ነበረ።

በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ሰው አንድ አንድ ይገኛል። የከተማው የውኃ ቧንቧ የት የት እንደ ተቀበረ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው፤ ወይም አሮጌው የወደብ ክሬን ሲያቃስት ምን እንደ ጎደለው ከድምፁ የሚለየው እርሱ ነው። የጡረታው ወረቀት ሳይፈረም በፊት ሁለት ወጣቶች ደብተር ይዘው ለጥቂት ወራት ከኋላው እንዲከተሉ፥ እርሱም ለዚሁ አበል እንዲቈረጥለት ማድረግ ለአንድ ሹም የአንድ ደብዳቤ ሥራ ነው። ደብዳቤውን የሚተረጕም ሰው ካስፈለገ እኔ አለሁ፤ «በየጊዜው» የሚለውን ቃል ግን አልጽፍበትም።